ካርታው ላይ «ሚኪ ሌላንድ ጎዳና» ይላል፤ ሰውየው ማነው?

አትላስ ሰፈር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ምግብ አዝዤ ሞተረኛው ደወለ። «እህቴ፣ ካርታው ሚኪ ሌላንድ ይለኛል፣ የት ነው እሱ?» አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ሰፈር ስኖር ስሙን ሰምቼው አላውቅም። «አትላስ ሆቴል ጋ ስትደርስ ደውልልኝ» አልኩት። ወዲያው ከች አለ።

ነገሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከነከነኝ። እኛ መንገድ በስሙ ጠርተን አናውቅም። ሃያ ሁለት፣ አትላስ፣ ኡራኤል፣ በቃ። ይሄ ሰውዬ መንገድ እስኪሰየምለት ድረስ ምን ቢሠራ ነው? ስፈልግ አሜሪካዊ የምክር ቤት አባል ነበር፣ ነሐሴ 1981 ወደ ጋምቤላ ሲበር አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሞተ ይላል። ከዚህ በላይ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። በተለይ የአሟሟቱን ነገር።

የሂዩስተኑ

እህቴ፣ ጥሩ ቦታ ነው የመጣሽው። እኔ ሂዩስተን ታክሲ ስነዳ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በሳምንት አምስት ስድስት ጊዜ ስሙ ሥር አልፋለሁ። ከውጭ አገር የሚመጣ መንገደኛ የሚወርድበት የኤርፖርቱ ተርሚናል ዲ በእሱ ስም ነው። መሃል ከተማ ያለ አንድ የፌዴራል ሕንፃም በስሙ ነው። ሐበሻ መንገደኛ ስጭን «ይሄ ሰውዬ እኮ አገራችን ነው የሞተው» እላለሁ። ግማሹ አያምነኝም።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሁሉም ሰው ስለ ሞቱ ነው የሚያወራው። አሟሟቱ ትልቅ ስለሆነ ኑሮውን ዋጠው። ሰውየውን የሠሩት ግን ዋሽንግተን ከመግባቱ በፊት ያሉት ስድስት ዓመታት ናቸው። ከ1973 እስከ 1979 በፈረንጅ የቴክሳስ ስቴት ምክር ቤት አባል ነበር። ያንን ሳያውቁ ጋምቤላ ምን እንደወሰደው አይገባም። ማታ ሥራ ስጨርስ በደንብ እጽፋለሁ።

ጥርጥር

የስቴት ምክር ቤት ማለት እኛ ጋ የክልል ምክር ቤት ማለት አይደል? ታዲያ ምን ይሠራል እዛ? እጅ ማውጣት ነው።

የሂዩስተኑ

ጥርጥር፣ ስምህን የመረጥከው አውቀህ ነው። ቆይ፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ልጅነቱ። የተወለደው ሉቦክ በምትባል የምዕራብ ቴክሳስ ከተማ ነው፣ ኅዳር 1944 በፈረንጅ። ሙሉ ስሙ ጆርጅ ቶማስ ሌላንድ ነው። ሚኪ የቤት ስሙ ነው። አባትየው ጥሎ ሄደ። እናቱ ሁለት ወንድ ልጆቿን ይዛ ሂዩስተን መጣች። ፊፍዝ ዋርድ የሚባል የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ነው ያደገው። እናቱ እየሠራችም እየተማረችም መጨረሻ ላይ አስተማሪ ሆነች።

ፊፍዝ ዋርድን ለማታውቁ፣ ድሮ አራት ኪሎ ጀርባ የነበሩትን ሰፈሮች አስቡ። ድሃ ነው፣ ግን ሰው ያፈራል። አሁንም እዚያ ሰው ሳደርስ ሽማግሌዎቹ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ስለ እሱ ያወራሉ። አንዱ «ሚኪ» ሲል ጎረቤቱን የሚጠራ ነው የሚመስለው።

የተማረው ፋርማሲ ነው። ቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ በ1970 ተመረቀ፣ እዚያው ጥቂት ጊዜ አስተማረ። ነገር ግን መድኃኒት ቤት ቁጭ የሚል ሰው አልነበረም። በር ለበር እየዞረ የሰፈሩን ሰው የት መታከም እንደሚችል ይነግር ነበር፣ ቀላል ምርመራም ያደርግ ነበር። ፖሊስ የሰፈሩን ልጆች ሲደበድብ ሰልፍ ይወጣል። ሃያ አምስት ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው።

ከዚያ 1972 መጣ። ይሄ ዓመት ቁልፍ ነው። ከዚያ በፊት ለስቴቱ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው በጠቅላላው ካውንቲ (እኛ ጋ ዞን እንደምንለው ያለ አስተዳደር) ወይም በካውንቲው ሰፊ ክፍል ድምፅ ነበር የሚመረጠው። ሂዩስተን ያለችበት ካውንቲ ደግሞ ግዙፍ ነው። ነጩ ብዙ፣ ጥቁሩ ጥቂት። ስለዚህ ፊፍዝ ዋርድ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ቢመርጥህም ልትሸነፍ ትችላለህ። በ1972 ግን ካውንቲው ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ወንበር ተሰጠው። ሌላንድና አራት ጓደኞቹ አብረው ወጡ። ራሳቸውን «የሕዝቡ አምስት» ብለው ተወዳደሩ። ከመካከላቸው ሌላንድ፣ ክሬግ ዋሽንግተንና ቤን ሬይስ አሸነፉ። ሬይስ የሜክሲኮ ዘር ያለው ነው። በዚያው ዓመት ሰንፍሮኒያ ቶምሰን የምትባል ሴትም ከሂዩስተን ገባች። እሷ ከሃምሳ ዓመት በላይ እዚያው ምክር ቤት ተቀምጣለች። እኔ ስንት መኪና ቀየርኩ፣ እሷ ወንበሯን አልቀየረችም።

ሕግ ተማሪ

የሂዩስተኑ፣ ባርባራ ጆርዳንን ዘለልካት። ያለ እሷ ሌላንድ የለም።

እሷም የፊፍዝ ዋርድ ልጅ ናት፣ እሷም ፊሊስ ዊትሊ በሚባለው እዚያው ሰፈር ባለው ሁለተኛ ደረጃ ነው የተማረችው። ሁለቱም ከአንድ ትምህርት ቤት ነው የወጡት። ጠበቃ ሆና መጣች። በ1962 እና በ1964 ለታችኛው ምክር ቤት ተወዳድራ ሁለቱንም ተሸነፈች። ምክንያቱ ያው አንተ ያልከው ነው፣ የካውንቲ ድምፅ። በ1966 የምርጫ ክልል እንደገና ሲሸነሸን ለስቴቱ ሴኔት ተወዳድራ አሸነፈች። ሰላሳ አንድ ሴናተር ውስጥ ሴት እሷ ብቻ፣ ጥቁር እሷ ብቻ። ከ1883 ወዲህ በቴክሳስ ሴኔት የተቀመጠ ጥቁር አልነበረም።

ሌላም ነገር አስቡ። ቴክሳስ ውስጥ እስከ 1966 ድረስ ለመምረጥ ግብር ይከፈል ነበር። አንድ ዶላር ተኩል ምናምን። ለአንድ የቤት ሠራተኛ ያ የቀን ምግብ ነው። በምርጫ ስንሸነፍ ሁሌ «ሕዝቡ አልነቃም» እንላለን። አንዳንዴ ሕዝቡ ነቅቷል፣ ሳጥኑ ነው የራቀው።

አትላስ ሰፈር

እኔ የአውሮፕላኑን ታሪክ ጠይቄ የቴክሳስ ታሪክ እየተማርኩ ነው 😂 ግን ቀጥሉ፣ ደስ ይላል።

ጥርጥር

እሺ ገባ። ምን ሠራ ታዲያ? መግባትማ ሁሉም ይገባል።

ፋርማሲስቷ

ይሄንን ለእኔ ተዉልኝ፣ የሙያዬ ነገር ነው።

አዲስ አበባ ፋርማሲ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። በቀን ሃያ ጊዜ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው። «የህንድ ነው የጀርመን?» አንድ ዓይነት መድኃኒት፣ አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር፣ ዋጋው ግን ሦስት እጥፍ። ሰው ውዱ የሚያድን ይመስለዋል። እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች፣ ብሯን ትቆጥራለች፣ «ውዱን ስጪኝ» ትላለች፣ ከዚያ ግማሽ ኮርስ ገዝታ ትሄዳለች። ግማሽ ኮርስ ደግሞ ምን እንደሚያመጣ ታውቃላችሁ።

ቴክሳስ ውስጥ ያኔ ችግሩ ከዚህ ይብሳል። ሐኪሙ የመድኃኒቱን የንግድ ስም ከጻፈ ፋርማሲስቱ ያንኑ መስጠት አለበት። ጎኑ ያለውን ርካሹን ጀነሪክ፣ ማለትም ንጥረ ነገሩ ያው ሆኖ ያ የንግድ ስም የሌለውን፣ መስጠት ሕጉ አይፈቅድለትም። በሽተኛው ድሃ መሆኑን እያየ ውዱን ይሸጥለታል። ሌላንድ ፋርማሲስት ስለሆነ ይሄንን ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኖ ያውቀዋል። ምክር ቤት ሲገባ የያዘው አንዱ ጉዳይ ይሄ ነበር። የመድኃኒት ማዘዣ ሕግን የሚያሻሽል የሁለቱ ምክር ቤቶች ጥምር ኮሚቴ ነበር፣ የዚያ ምክትል ሰብሳቢ ሆነ። ድሃው ሰው ጀነሪክ መድኃኒት እንዲያገኝ የሚያደርገው ሕግ እንዲወጣ ካደረጉት ዋናው እሱ ነው።

ጥርጥር፣ እጅ ማውጣት ያልከው ይሄ ነው። አንድ እጅ ወጥቶ የአንዲት አሮጊት የደም ግፊት መድኃኒት ግማሽ ዋጋ ይሆናል። ዜና አይሆንም። ሐውልት አያሠራም። እኔ ግን ሐውልት የማቆምለት ለዚህ ነው።

የሂዩስተኑ

እግዜር ይስጥሽ። እኔ እንዲህ አድርጌ ማስረዳት አልችልም ነበር።

አሁን ወደ ጥርጥር። የቴክሳስ ምክር ቤት 150 አባላት አሉት። በስቴቱ ዋና ከተማ ኦስቲን ውስጥ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚሰበሰበው፣ 140 ቀን። ደመወዙ ስንት ይመስልሃል? ከ1975 ጀምሮ በወር 600 ዶላር ነው። አሁንም ያው 600 ነው! እኔ በሳምንት መጨረሻ ሁለት ሌሊት ነድቼ የማገኘው ነው። ስለዚህ ወይ ሀብታም መሆን አለብህ፣ ወይ ሌላ ሥራ፣ ወይ የሚረዳህ ሰው። ሌላንድ ሀብታም አልነበረም። ዴ መኒል የሚባሉ ከፈረንሳይ የመጡ የሂዩስተን ባለጸጎች ነበሩ፣ ትልቅ የሥዕል ሙዚየም ያላቸው። እነሱ ደግፈውታል።

ምክር ቤቱ ሲገባ አለባበሱም ጉድ ነበር። አፍሮ ጸጉር፣ ዳሺኪ የሚባለው የምዕራብ አፍሪካ ሸሚዝ፣ ባለ ወፍራም ሶል ጫማ፣ ትከሻው ላይ የቆዳ ቦርሳ። ሌሎቹ ካውቦይ ቡትና ክራቫት ናቸው። እንግዲህ ያ ክፍል እንዴት እንዳየው አስቡት። እኔ በመጣሁበት ዓመት ሥራ ፍለጋ ስሄድ የአጎቴን ኮት ለብሼ ነበር፣ እጅጌው ጣቴን ይሸፍናል። እሱ ግን የራሱን ልብስ ለብሶ ገባ። ይሄ ጉራ ብቻ አይመስለኝም። «የላከኝ ሰፈር ይሄን ይመስላል» ማለት ነው።

ግን ልብ በሉ። በልብሱ ያስደነገጣቸውን ሰዎች በኋላ በሥራ አግባባቸው። የበጀት ኮሚቴ ውስጥ ገባ። በጀት ኮሚቴ ማለት ገንዘቡ ያለበት ክፍል ማለት ነው። ሰልፍ ላይ የሚጮህ ብዙ አለ። ጮሆ ሲያበቃ ቁጭ ብሎ ቁጥር የሚደምር ጥቂት ነው።

ሕግ ተማሪ

አንድ ጨምሩ። በ1974 የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች አንድ ላይ ተቀምጠው የስቴቱን ሕገ መንግሥት እንደ አዲስ ለመጻፍ ሞክረው ነበር። ሌላንድም አንዱ ተወካይ ነበር። 181 ሰው። ለማለፍ 121 ድምፅ ያስፈልጋል። 118 አገኙ። ለሦስት ድምፅ! ወራት የፈጀ ሥራ ለሦስት ድምፅ ገደል ገባ። ያፋረሳቸው ዋናው ጉዳይ የሠራተኛ ማኅበር ነገር ነበር። ያ አሮጌ ሕገ መንግሥት የ1876 ነው፣ እስከ ዛሬ እየተጣፈ ይሠራል።

ይሄንን ያነሳሁት፣ አንድ ወጣት ፖለቲከኛ ሽንፈት ምን እንደሚመስል የሚማርበት ክፍል ስለሆነ ነው። ጩኸት ሳይሆን ሦስት ድምፅ።

ጥርጥር

እሺ፣ ከእጅ ማውጣት በላይ ነው። ተቀብያለሁ። ግን አሁን ወደኛ ጉዳይ ኑ። ይሄ ሰው ደርግ ጋ ምን ይሠራ ነበር? ካስትሮ ጋም ወዳጅ ነበር ይባላል። በረሃብ ስም ለመንግሥቱ ገንዘብ ያመጡ ብዙ ነበሩ።

የድሮው ማስተባበሪያ

ልጆች፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አሁን ግን መናገር አለብኝ።

እኔ የእርዳታ ማስተባበሪያና መቋቋሚያ ኮሚሽን ሠራተኛ ነበርኩ። በ77 ድርቅ ወሎ ውስጥ ነበርኩ። ያየሁትን አልጽፍም፣ ብዙዎቻችሁ ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል። ሌላንድን በአካል አላውቀውም። ስሙን ግን ያኔ የማያውቅ የእርዳታ ሠራተኛ አልነበረም።

ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ። ባርባራ ጆርዳን በኋላ የያዘችውን የኮንግረስ ወንበር ስትለቅ እሱ በ1978 ተወዳድሮ ዋሽንግተን ገባ። በ1984 አሜሪካኖቹ ኮንግረስ ውስጥ ስለ ረሃብ የሚያጠና ልዩ ኮሚቴ አቋቋሙ፣ እሱ የመጀመሪያው ሰብሳቢ ሆነ። በ1985 ለአፍሪካ ረሃብ ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር የፈቀደው ሕግ ሲወጣ ከገፋፉት ዋናዎቹ አንዱ እሱ ነው። እሱ ራሱ ደጋግሞ የሚተርከው አንድ ነገር ነበር። ሱዳን ውስጥ የስደተኞች ሰፈር ሲጎበኝ አንዲት አጥንቷ የገጠጠ ሕፃን ያያል። ሰው አነጋግሮት ፊቱን ዞር ያደርጋል። መልሶ ሲያያት ሞታለች። ፊቷ በየቀኑ ይታየኛል ይል ነበር።

አሁን የጥርጥርን ጥያቄ። አዎ፣ ካስትሮንም አግኝቷል፣ ከደርግም ጋር ተነጋግሯል። ያኔ አሜሪካና ኢትዮጵያ ጠላት ነበሩ፣ ከ1980 በፈረንጅ ጀምሮ አምባሳደር እንኳ አልነበረም። ግን እህሉ በደርግ ወደብ ካልገባ በማን ይገባል? ሬገን ራሳቸው፣ ኮሙኒስት የሚጠሉት ሬገን፣ የተራበ ሕፃን ፖለቲካ አያውቅም ብለዋል። ሪፐብሊካኑም ዲሞክራቱም እዚህ ላይ ተስማምተው ነበር።

ጥያቄህ ግን ከንቱ አይደለም ልጄ። እህሉ ከሕዝብ ሰፈራው ጋር ተቀላቅሎ ያደረሰው ጉዳት ነበር። ሰው በግድ ተጭኖ ወደ ጋምቤላና መተከል ሄዷል። ያንን አይቻለሁ። እርዳታ ሰጪ ሁሉ በዚህ ተከራክሯል። እኔም ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ተከራክሬያለሁ፣ ከራሴ ጋር።

ጥርጥር

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። እንዲህ ተብሎ ሲመለስልኝ መከራከሪያ የለኝም። ግን ስለ አሟሟቱም ይንገሩን፣ ጠያቂዋም ጓጉታለች።

የድሮው ማስተባበሪያ

ነሐሴ 1 ቀን 1981። የግንቦት ስምንቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከተደረገ ሦስት ወር አልሞላም። ከተማው በፍርሃት ተጨናንቋል። ክረምቱ ደግሞ የዚያ ዓመት ጥቁር ነበር።

ቱዊን ኦተር የምትባል ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ናት። አሥራ ስድስት ሰው፣ አሜሪካውያንም ኢትዮጵያውያንም። ከአዲስ አበባ ተነስተው ፉኝዶ የስደተኞች ሰፈር ሊሄዱ ነበር። አልደረሱም። ቢሮ ውስጥ ሬዲዮኑን እንጠብቃለን፣ ምንም የለም። ማታ ሆነ። ማግስቱ ሆነ።

ከዚያ የማይታመን ነገር ሆነ። የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እንዲፈልጉ ተፈቀደ። ያኔ ይሄ እንዴት እንደሚሰማ ለእናንተ ማስረዳት ይከብደኛል። ጓደኛዬ «ወይ ጊዜ!» ብሎ ራሱን ያዘ። ስድስት ቀን ተፈለገ። በስድስተኛው ቀን ከተራራ ጋር ተላትማ ተገኘች። የተረፈ የለም።

ከአሥራ ስድስቱ ውስጥ የአገራችን ሰዎች እንዳሉበት አትርሱ። ስማቸው መንገድ ላይ የለም። ኤርፖርትም ላይ የለም። እኔ ለእነሱ ነው ይሄንን የጻፍኩት።

አትላስ ሰፈር

ጋሼ 😢 አላሰብኩትም ነበር ይሄንን። ይቅርታ፣ ልክ እንደ ተራ ጥያቄ ነበር ያነሳሁት።

ባሮ ዳር

ጋምቤላ ነኝ። ፉኝዶ እኛ ጋ ፒኝዶም ይባላል፣ ከከተማው ወደ ደቡብ ነው። ያኔ እዚያ የነበሩት ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ናቸው። ብዙዎቹ ወላጅ የሌላቸው ወንዶች ልጆች ነበሩ፣ ሳምንታት በእግራቸው ተጉዘው የመጡ። በኋላ አሜሪካ የገቡትና «የጠፉት ልጆች» ተብለው የታወቁት ከእነሱ ውስጥ ናቸው። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ከካምፑ ተባርረው የጊሎን ወንዝ ሲሻገሩ ብዙዎች አለቁ። ሌላንድ ሊያያቸው የመጣው እነዚህን ነው።

እና አንድ ነገር ልጨምር። ጋምቤላ ሲባል ሁሌ ካምፕና ጦርነት ብቻ ነው የሚነሳው። እዚህም ዓሣ አለ፣ ማንጎ አለ፣ ጨዋታ አለ። ሰውየውን ስታስቡ እኛንም እንደ አደጋ ቦታ ብቻ አታስቡን።

የሂዩስተኑ

ባሮ ዳር፣ ልክ ነህ። የጋምቤላ ማንጎ ሂዩስተን ባገኝ ታክሲውን ሸጬ እገዛ ነበር።

ጋሼ ስለ ነገሩን እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ የማውቀው እዚህ ያለውን ነው። ሲሞት አርባ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። የሦስት ዓመት ልጅ ነበረው፣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። እሱ ከሞተ ከአምስት ወር በኋላ መንታ ወንዶች ወለደች። አንዴ ይሄንን ለአንዲት ሐበሻ መንገደኛዬ ስነግራት እስከ ቤቷ ድረስ አላናገረችኝም። ስትወርድ «ወንድሜ፣ እናትየው እንዴት ቻለችው?» አለችኝ። ምን እላለሁ።

ወደ መጀመሪያው ነገሬ ልመለስ። ለምን ስለ ኦስቲን ብዙ አወራሁ? ዋሽንግተን ሄዶ የሠራው ነገር ከመጀመሪያው ጋር አንድ ስለሆነ ነው። ፊፍዝ ዋርድ ውስጥ በር ለበር ዞሮ «የት ነው የሚያምህ?» ያለ ሰው ነው። ኦስቲን ውስጥ መድኃኒቱን በርካሽ አስገባ። ዋሽንግተን ሲገባ ደግሞ ረሃብን ያየው እንደ ፋርማሲስት ነው። መድኃኒቱ አለ፣ መደርደሪያ ላይ ነው፣ ሰው ግን አይደርስበትም። እህሉም እንደዚያው። አሜሪካ ውስጥ እህል ሞልቶ ተርፏል፣ ወሎ ውስጥ ሰው ያልቃል። ችግሩ የማድረስ ነው። ለዚያ ነው በመጨረሻም ራሱ ተነስቶ ወደ ካምፑ የበረረው። በር ለበር መዞር ነው ያው።

ይሄ የእኔ ሐሳብ ነው እንግዲህ። ታክሲ ውስጥ ብዙ ጊዜ አለኝ ለማሰብ።

ፋርማሲስቷ

«መደርደሪያ ላይ ነው፣ ሰው ግን አይደርስበትም።» ይሄንን ነገ ለሥራ ባልደረቦቼ እነግራለሁ።

ሕግ ተማሪ

ለተሟላ ታሪክ ሲባል የዚያን ወንበር ነገር ልንገራችሁ። አሥራ ስምንተኛው የቴክሳስ የኮንግረስ ወረዳ ነው። ጆርዳን ከስቴት ሴኔት መጥታ ያዘችው። ሌላንድ ከስቴቱ ምክር ቤት መጥቶ ተከተላት። እሱ ሲሞት ያ የ1972 ጓደኛው፣ ክሬግ ዋሽንግተን፣ በልዩ ምርጫ ገባ። ከእሱ በኋላ ሺላ ጃክሰን ሊ ከ1995 እስከ ሞተችበት 2024 ድረስ ያዘችው። ልጇ ኤሪካ ሊ ካርተር ቀሪውን ጊዜ ከጨረሰች በኋላ የገባው ሲልቬስተር ተርነር ከሃያ ዓመት በላይ በቴክሳስ ምክር ቤት የቆየና የሂዩስተን ከንቲባ የነበረ ነው፣ በወራት ውስጥ እሱም ሞተ። የወንበሩ ነገር እንዲህ ነው። አንዳንዶች ወንበሩ ላይ እርግማን አለ ይላሉ፣ እኔ አላምንም። ብዙዎቹ እስከ መጨረሻው ስለሠሩ ነው።

ሌላንድ ያቋቋመው የረሃብ ኮሚቴ ደግሞ በ1993 ተዘጋ፣ በጀት ለመቀነስ ተብሎ። ከእሱ በኋላ ሰብሳቢ የነበረው ቶኒ ሆል የሚባል የኦሃዮ ተወካይ ተቃውሞውን በምን ገለጸ? 22 ቀን ጾመ። ውሃ ብቻ። እኛ የፍስክና የጾም ሰዎች ነን፣ ይሄ ይገባናል።

ቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ውስጥም የሁለቱን ስም የያዘ ትምህርት ቤት አለ፣ ባርባራ ጆርዳን–ሚኪ ሌላንድ። የሕዝብ አስተዳደር ይማሩበታል።

ጥርጥር

የፍስክና የጾም ሰዎች 😂 እኔ እንኳ ረቡዕ አርብ ላይ ነው የምወድቀው።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ። መንገዱን በስሙ ማን ሰየመው? ደርግ ነው ወይስ ከዚያ በኋላ?

የድሮው ማስተባበሪያ

እሱን አላውቅም ልጄ። የማውቀው አንድ ነገር ነው። እዚያ መንገድ ላይ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከጡረተኛ ጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ እንጠጣለን። አንድም ቀን «ሚኪ ሌላንድ» ብለን አናውቅም። «አትላስ ጋ እንገናኝ» ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለእነሱ እነግራቸዋለሁ። አንዱ ጓደኛዬ የዚያን ሳምንት ሬዲዮ ይጠብቅ የነበረ ነው። ስለ እሱ አውርተን አናውቅም።

አትላስ ሰፈር

ጋሼ፣ የትኛው ካፌ እንደሆነ ይንገሩኝ፣ መጥቼ ሰላም እላችኋለሁ። ማኪያቶውም በእኔ ነው።

ደግሞ ዛሬ ሆን ብዬ ምግብ አዘዝኩ። ሌላ ሞተረኛ ነበር የመጣው። ደውሎ «የት ነሽ?» ሲለኝ «ሚኪ ሌላንድ ጎዳና» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ።

«አትላስ ጋ በይኝ ባክሽ፣ ምግቡ እየበረደ ነው።»